ባዶ ኪስና የሚያስፈራ ፊልም

ባለፈው ክረምት እኔና ሦስት ጓደኞቼ በጋሸና አንድ የሚያስፈራ ፊልም ሠራን። ሠራን ማለት በአፍ ቀላል ነው። በእጃችን የነበረው አንድ የእጅ ስልክ፣ ከዘመድ የተለመነ ባትሪ፣ አንድ የበግ ለምድ፣ በውሃ የተበጠበጠ ቀይ ቀለምና ልክ የሌለው ተስፋ ብቻ ነበር። ፊልሙ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ሥራው ሲያልቅ በአንድ ዘመዳችን ቤት ነጭ ግድግዳ ላይ፣ በተውሶ ፕሮጀክተር፣ ለጎረቤት አሳየነው። ጭራቃችን ለምዱን ለብሶ ከበሩ ብቅ ሲል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት እናት፣ «ውይ! ይኸ የእኛው ልጅ አይደለም እንዴ! ለምዱም የአባቱ ነው፤ በጭቃ ለወሰው እኮ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ቀይ ውሃ ሁሉ ሳቁን አበዛው እንጂ ማንንም አላስፈራም።

የሆነ ሆኖ በፊልሙ መካከል አንድ ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። ይኸውም እኛ ያላሰብንበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ቀን ስልኩን በድንጋይ አስደግፈን፣ እየቀረጸ መሆኑን ረስተን ሻይ ልንጠጣ ሄደን ነበር። የተቀረጸው አንድ ገርበብ ያለ የእንጨት በር ነው፤ ከበሩ ኋላ ጨለማ፣ በበሩ ፊት ማንም የለም፤ ነፋስ ይነፍሳል፤ በሩ ጥቂት ይከፈትና ይመለሳል። ፊልሙ አጠረብን ብለን ከዚህ ውስጥ 40 ሰከንድ ያህል ቆርጠን አስገብተን ነበር። ያቺ 40 ሰከንድ ስትታይ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ደክመን የሠራነው አሳቀ፤ ረስተን የተውነው አስፈራ። ስለ ምን? በማግስቱም ከሳቁ የባሰ አንድ ነገር ሆኗል፤ ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ተሠርተው ዓለምን ያስፈሩ ፊልሞችን እያየሁና ስለ አሠራራቸው እያነበብሁ ቆይቻለሁ። በመጪው ክረምት ካሜራ ለማንሣት የምታስቡ ጓደኞቼ የእኛን ስሕተት እንዳትደግሙ የገባኝን ያህል እጽፋለሁ። (የውጭ ፊልሞችን ዘመን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሞ ሁለት ቃላትን እንለይ። ድንጋጤና ፍርሃት አንድ አይደሉም። ከኋላህ ሣጥን ቢወድቅ ትደነግጣለህ፤ ዞረህ ሣጥኑን ስታይ ድንጋጤው ያልቃል። ፍርሃት ግን ገና ያልሆነውን ነገር መጠበቅ ነው። ድንጋጤ ርካሽ ነው፤ ድንገት በከበሮ መምታት ይበቃዋል። ፍርሃት ግን በገንዘብ አይገዛም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከዚህ የተነሣ ገንዘብ የሌለው ሰው ከባለጠጋው ጋር እኩል ሆኖ የሚቆምበት የፊልም ዓይነት ቢኖር ይኸ ነው ብዬ አምናለሁ። ጦርነትን፣ ቤተ መንግሥትን፣ የሕዋ ጉዞን በባዶ ኪስ ማሳየት አይቻልም፤ ገርበብ ያለ በር ግን በየመንደሩ አለ።

ይህን ነገር በልጅነቴ በላሊበላ ተምሬው ነበር፤ መማሬን ግን አላወቅሁም። ላሊበላን ያየ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር አንድ ጨለማ ዋሻ አለ። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል፤ ያለ መብራት ይታለፋል። አያቴ እጄን ይዘው ሲያስገቡኝ ዐሥር ዓመት አይሞላኝም ነበር። «እጅህን ከግድግዳው አታንሣ፤ ወደ ኋላም አትይ» አሉኝ። በዋሻው ውስጥ ምንም የለም፤ የተቀረጸ ጋኔን፣ የተሣለ እሳት የለም። ድንጋይና ጨለማ ብቻ ነው። ሲኦሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አያቴ የሰጡኝ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። ወደ ኋላ እንዳላይ ባይነግሩኝ ኖሮ ከኋላዬ የሚከተል ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

ፈረንጆቹ ይህንኑ ዘዴ በ1942 ዓ.ም. በፊልም ላይ አዋሉት። ቫል ሉተን የተባለ ሰው አር.ኬ.ኦ. በተባለው ድርጅት ውስጥ ርካሽ የሆኑ አስፈሪ ፊልሞችን እንዲሠራ ታዘዘ። የመጀመሪያውን «ካት ፒፕል» የተባለውን ዣክ ቱርነር አዘጋጀለት፤ ወጪው 134 ሺህ ዶላር ያህል ነበር፤ ለሆሊውድ ይኸ የቁራሽ ዳቦ ዋጋ ነው። ለሌላ ፊልም ተሠርቶ የነበረ ደረጃ እንኳ ዳግመኛ አገልግሎበታል። ታሪኩ በስሜት ስትነሣ ወደ ነብርነት እለወጣለሁ ብላ ስለምትፈራ አንዲት ሴት ነው። ነብሩን አጉልቶ ማሳየት ገንዘብም ችሎታም ይጠይቃል፤ እነርሱ ግን ጥላውንና ድምፁን አሳዩ። በአንድ ክፍል አንዲት ወጣት በሌሊት በግንብ ሥር ትሄዳለች፤ ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ይሰማል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቀጥሎ የኋላው ጫማ ጸጥ ይላል። ልጅቱ ትፈጥናለች፤ ዛፉን ታያለች፤ ተመልካቹም ዛፉን ያያል። ልክ አውሬ እንደሚያጓራ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ይነሣል፤ ለካስ አውቶቡስ ቆሞ ፍሬኑ ሲተነፍስ ነው።

ይህን ሳይ ሣቄ መጣ፤ ምክንያቱም እኔ ያደግሁት በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው። ጋሸናን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መንገድ ላይ ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው ጎዳና የሚነሣባት፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር የደጋ ከተማ ናት። ጉም ሲወርድባት ዐሥር እርምጃ ወደ ፊት አይታይም። አውቶቡስ በጉም ውስጥ ሳይታይ መጥቶ «ጵስስ» ሲል ሰምተን ያልደነገጥን የለንም። እኛ ግን ይህን ሁሉ ትተን የበግ ለምድ ፍለጋ ሄድን!

እንግዲህ ስለ ድምፅ ልናገር፤ ጀማሪዎች ሁላችን የምንወድቀው በዚህ ነውና። ተመልካች ደብዛዛ ሥዕል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርና ማይክሮፎን ላይ የሚያፏጭ ነፋስ ግን አይታገሥም። በእኛ ፊልም የጋሸና ነፋስ ንግግሩን ሁሉ በላው። ኋላ እንደተረዳሁት መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለተኛ ስልክ ወስዶ በተናጋሪው ደረት አጠገብ፣ ከልብስ በታች ደብቆ፣ አፉን በስፖንጅ ወይም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ድምፁን ብቻ መቅዳት፤ ኋላ ከሥዕሉ ጋር ማጋጠም ነው። ለማጋጠሚያውም በየመጀመሪያው አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል። ያልተሳካው ንግግር በግድግዳው ዙሪያ ብርድ ልብስና ጋቢ በተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደገና ሊነገር ይችላል። የአጥንት ስብራት ድምፅ ከፈለጋችሁ ደረቅ አገዳ ስበሩ። ከሁሉ በላይ ግን በምትቀርጹበት ቦታ ሁሉ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ያህል ጸጥታውን ቅዱ። ጸጥታ ባዶ አይደለም፤ የዋሻ ጸጥታና የሣር ቤት ጸጥታ ይለያያል። ድምፁ ፈጽሞ ሲቋረጥ ግን ተመልካቹ ፕሮጀክተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ስለ ብርሃንም አንድ ቃል። የእጅ ስልክ በድቅድቅ ጨለማ ሲቀርጽ ሥዕሉ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ስለዚህ ሌሊቱን በሌሊት አትቅረጹት፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለችውን ሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ጠብቃችሁ፣ ብርሃኑን በስልኩ ላይ ቀንሳችሁ ቅረጹ። በቤት ውስጥ አንድ ኩራዝ ፊትን ይበቃዋል፤ የቀረውን ጨለማው ይሸፍናል። የግድግዳውን ድህነት ጭምር ይሸፍናል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አብዛኞቻችን ታሪክ ከጻፍን በኋላ ቦታና ዕቃ ልንፈልግ እንወጣለን፤ ባናገኝም በካርቶን እንሠራለን፤ ካርቶኑም ካርቶን ይመስላል። በባዶ ኪስ የተሳካላቸው ሰዎች ግን ነገሩን ገለበጡት፤ አስቀድመው ያላቸውን ቆጠሩ። ኸርክ ኻርቪ በካንሳስ ለትምህርት ቤቶችና ለፋብሪካዎች ፊልም የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ ቀን መኪና ሲነዳ በዩታ ታላቁ የጨው ሐይቅ ዳር የተተወ አንድ ትልቅ የመዝናኛ አዳራሽ አየ። «እዚህ ምን ሊደረግ ይችላል?» ብሎ ተነሣና በ1962 ዓ.ም. የወጣውን «ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ገንዘቡ 33 ሺህ ዶላር ያህል፣ ሙዚቃው የኦርጋን ድምፅ፣ መናፍስቱ ደግሞ ፊታቸው በነጭ ዱቄት የተቀባ ሰዎች ናቸው። አዳራሹ ግን እውነተኛ ነው። በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ስትሄድ ማንም አይስቅም።

ኦረን ፔሊ ደግሞ ሩቅ አልሄደም፤ የገዛ ቤቱን ወሰደ። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» በ15 ሺህ ዶላር ያህል በሰባት ቀን የተቀረጸ ፊልም ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ታየ፤ በ2009 በሰፊው ሲወጣ በመላው ዓለም ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የፊልሙ ልብ አንድ የመኝታ ክፍል ነው። ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል፤ አይነቃነቅም፤ በጥጉ ሰዓት ይቆጥራል፤ ሁለት ሰዎች ተኝተዋል፤ በሩ ክፍት ነው። ተመልካቹ ምን ይሥራ? ዓይኑን በሥዕሉ ላይ ያንከራትታል፤ መጋረጃውን ይጠረጥራል፤ ጥላውን ይጠረጥራል። በሩ አንድ ስንዝር ሲንቀሳቀስ እርሱ ራሱ ያገኘው ይመስለዋል። ይህን ባየሁ ጊዜ የእኛ በር ለምን እንዳስፈራ ገባኝ፤ ካሜራውን የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ወዴት ማየት እንዳለበት ለተመልካቹ የነገረው አልነበረም።

ነገር ግን ባዶ በር ብቻውን ለ40 ሰከንድ ይሠራል እንጂ ለአንድ ሰዓት አይሠራም። አንድ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ እኔ የአያቴ ትእዛዝ እለዋለሁ። የዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ በ1999 ዓ.ም. የወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ነው። ዳንኤል ማይሪክና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ ሦስት ወጣት ተዋንያንን ካሜራ አስይዘው በሜሪላንድ ጫካ ስምንት ቀን ያህል አንከራተቷቸው። ተዋንያኑ ራሳቸው ይቀርጻሉ፤ የየዕለቱ መመሪያ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ በወረቀት ይደርሳቸዋል፤ ምግባቸው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሌሊት አዘጋጆቹ በድንኳናቸው ዙሪያ ድምፅ ያሰማሉ። ጠንቋይቱ እስከ መጨረሻው አትታይም። ፊልሙ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ።

ሰዎች ይህን ፊልም የሚያነሡት ስለሚንቀጠቀጠው ካሜራ ነው፤ ለእኔ ግን ምስጢሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የመንደሩ ሰዎች እንደ ዋዛ ስለ አንድ የቀድሞ ነፍሰ ገዳይ ያወራሉ፤ አንዱን ልጅ ሲገድል ሌላውን ፊቱን ወደ ግድግዳው ጥግ አዙሮ ያቆመው ነበር ይላሉ። ተመልካቹ ሰምቶ ይረሳዋል። በመጨረሻው ሥዕል አንድ ወጣት ፊቱን ወደ ጥግ አዙሮ ቆሟል። ደም የለም፤ ጭራቅ የለም፤ ግድግዳ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ያን ወሬ ያልሰማ ሰው ቢያየው «ምን ሆኖ ነው?» ይላል፤ የሰማው ግን ጠጕሩ ይቆማል። ሥዕሉን የሚያስፈራው አስቀድሞ የተነገረው ቃል ነው። ቃል ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ለእኛ አገር ሰውማ ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው።

አያቴ ብዙ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ነበራቸው። ከመሸ በኋላ ከውጭ ስማችን ቢጠራ እስከ ሦስተኛው ድረስ «አቤት» እንዳንል ያስጠነቅቁን ነበር፤ ሰው የሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ሰው ያልሆነ ግን ከሁለት አያልፍም ይሉ ነበር። እስቲ አንባቢ አስበው፤ በፊልሙ መጀመሪያ አንዲት አሮጊት እሳት እየቆሰቆሱ ይህን ለልጅ ልጃቸው ሲነግሩ እናሳያለን። ከዚያ በኋላ ሌሊት ከውጭ አንድ ድምፅ «እንትና!» ቢል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «እንትና!» ቢል፣ ቀጥሎ ያለው ጸጥታ ምን ያህል ይከብድ ይሆን? ለዚህ ምን ገንዘብ ወጣ?

በአገራችን እንዲህ ያለ ፊልም እምብዛም አይታይም። የሚገርመው ግን በአዲስ አበባ ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ ማንም ሊያስፈራው ሳይሞክር በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጥላ ብቻውን በቃው። ዛሬ የምናያቸው የአማርኛ ፊልሞች በአብዛኛው የፍቅር፣ የሣቅና የቤተሰብ ታሪክ ናቸው። ናይጄሪያውያን ግን በ1992 ዓ.ም. «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የተባለውን፣ ለገንዘብ ሲል ሚስቱን መሥዋዕት አድርጎ መንፈሷ የሚያሳድደውን ሰው ታሪክ በቪዲዮ ካሴት ሠርተው ሸጡ፤ የቪዲዮ ፊልማቸው ኢንዱስትሪ ያደገው ከእርሱ ወዲህ ነው። ገንዘብ የለንም፣ ተማሪዎች ነን የሚል ደግሞ ኃይሌ ገሪማን ያስታውስ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን በ1976 ዓ.ም. የወጣ ፊልም የሠራው በአሜሪካ ተማሪ ሳለ፣ ወደ አገሩ መጥቶ፣ ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎችን ይዞ፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ቀርጾ ነው። አስፈሪ ፊልም አይደለም፤ ነገር ግን ሰበባችንን ያሳጣናል።

አሁን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ወዳልሁት ነገር ደረስሁ።

በእኛ ፊልም ለምድ የለበሰው ጭራቅ ከየት እንደሚመጣ የሚገልጽ አንድ ንግግር ነበር። ጓደኛችን በችኮላ ጽፎት ሁላችንም ያለ ሐሳብ የተቀበልነው ነው፤ ጭራቁ ቀን ቀን ሸክላ የምትሠራ ሴት ናት፤ ሌሊት ትለወጣለች ይላል። ከዚያ በላይ አላሰብንበትም፤ የሰማነውን ተረት ደገምን። በማግስቱ ግን በሠፈራችን ጀበናና ምጣድ እየሠሩ የሚሸጡ አንዲት እናት በመንገድ ሲያልፉ ሦስት ልጆች ጮኸው ሸሹ። አንዱ የእኔ የአክስት ልጅ ነው። እርሳቸው ምንም አላሉም፤ ምጣዳቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከእኔ በቀር የፊልሙን ነገር ያሰበ የነበረም አይመስለኝም። እንግዲህ ፊልማችን በአንድ ነገር ተሳክቶለታል፤ ጭራቁን ማንም አልፈራም፤ ጎረቤቲቱ ግን ተፈሩ።

ይህን ነገር ብዙ አሰብሁበት። አትታይ፣ ደብቅ፣ ጨለማውን ለተመልካቹ ተውለት የሚለው የርካሽ ፊልም ጥበብ አንድ አደጋ አለው። ተመልካቹ ጨለማውን የሚሞላው በልቡ ባለው ነገር ነው። በልቡ ያለው ምንድር ነው? ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ባለ እጁ ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ወሬ ነው። ይህ ወሬ ተረት ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዳይጋባቸው፣ ማኅበር እንዳይቀበላቸው ያደረገ ወሬ ነው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው እንዳይሰድቡት በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ቀላል ስላልነበረ ነው። ፈረንጅ ጭራቁን ቢደብቅ ተመልካቹ ምናልባት በመጽሐፍ ያየውን ያስታውስ ይሆናል፤ በእኛ መንደር ግን ጭራቅ የሚባል ሰው አድራሻ አለው።

መልሱን ያገኘሁት ከሁሉ በላይ ከማደንቀው ፊልም ውስጥ ነው። ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ በፒትስበርግ የማስታወቂያ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ነበሩ። ዐሥር ሰዎች 600፣ 600 ዶላር አዋጥተው ጀመሩ፤ እንደ ዕቁብ ማለት ነው። በመጨረሻ ወጪው 114 ሺህ ዶላር ያህል ደረሰ። ሊፈርስ የተወሰነ አንድ የገበሬ ቤት አገኙ፤ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አላወቀም። «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በ1968 ዓ.ም. ወጣ። (ስሙን ሲለውጡ የባለቤትነቱን ምልክት ማስገባት ረስተው ፊልሙ በአሜሪካ የሕዝብ ሀብት ሆነ። እነርሱ ከሰሩ፤ እኛ ተማሪዎች ግን ያለ ሌብነት ልናየው እንችላለን።)

ሙታን ተነሥተው ቤቱን ይከብባሉ፤ በቤቱ ውስጥ ሰባት ሰዎች አሉ። ሙታኑ ቀርፋፎች ናቸው፤ ሕፃን እንኳ ያመልጣቸዋል። ቤቱን የሚያጠፋው ግን የውስጡ ጠብ ነው፤ አንዱ ምድር ቤት እንግባ ይላል፤ ሌላው እዚህ እንቆይ ይላል፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ከሁሉ ብልህ የሆነው ቤን የተባለው ሰው ነው፤ የተጫወተውም ዱዌን ጆንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። ቤን ሌሊቱን በሕይወት ያልፋል። ሲነጋ ሙታንን የሚያድኑ ባለ ጠመንጃዎች ይደርሳሉ፤ በመስኮት ያዩታል፤ ሰው ነው አይደለም ብለው አይጠይቁም፤ ተኩሰው ይገድሉታል። ሬሳውንም ከሌሎቹ ጋር ጎትተው ያቃጥሉታል። ሮሜሮ የተመልካቹን ፍርሃት አንድ ሰዓት ተኩል ሲያሳድግ ቆይቶ በመጨረሻ ጠመንጃ አስይዞ መለሰለት። በዚያ ፊልም የሚፈራው ነገር በውጭ አለ፤ የሚያስፈራው ግን የሚፈሩት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ የጋሸና ተመልካች ፍርሃትን ከፊልም የሚማር አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር፣ ከባድ ውጊያ በዚያች መገንጠያ ላይ አልፏል። በመጀመሪያው ጽሑፋችን ላይ የተኩስ ድምፅ ነበረበት፤ ከስልክ ላይ አግኝተን ልናስገባው ስንል የጓደኛዬ እናት ከጓዳ ወጥተው፣ «ይኸን አጥፉልኝ» አሉን። አጠፋነው፤ በቦታውም ምንም አላስገባንም። ቀድሞ ቆስሎ የነበረ ሰው ቁስሉን ቢነኩት ይጮኻል፤ ይህ ግን የአዘጋጁ ችሎታ ተብሎ አይቆጠርለትም።

በመጪው ክረምት የምንሠራው ፊልም ጽሑፉ ከሞላ ጎደል አልቋል። ቦታው አንድ ቤት ነው፤ ሌሊቱ አንድ ነው፤ ተዋንያኑ ስድስት ናቸው፤ ለምድ የለም። አውቶቡስ በጉም ምክንያት ቆሞ ሁለት መንገደኞች በአንዲት አሮጊት ቤት ያድራሉ። አሮጊቲቱ የሦስቱን ጥሪ ነገር ይናገራሉ፤ መንገደኞቹ ይስቃሉ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ከውጭ አንድ ድምፅ የአሮጊቲቱን ስም ይጠራል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ደግሞ ይጠራል፤ አሁን ድምፁ ደከም ብሏል። ሁሉም ሦስተኛውን ይጠብቃሉ። የሳቁት መንገደኞች ጭምር መቀርቀሪያውን ይዘው ይቆማሉ። ሦስተኛው አይመጣም። ነፋሱ ብቻ ይነፍሳል፤ በሩ ጥቂት ይገፋል፤ ይመለሳል። ተመልካቹ ከእነርሱ ጋር አብሮ «አትክፈቱ!» እንዲል እንፈልጋለን።

ሲነጋ በሩን ይከፍታሉ። ከገበያ ስትመለስ ጉም የያዛት፣ በብርዱ ድምፅዋ የተዘጋ፣ ሦስተኛውን መጥራት ያልቻለች ጎረቤት በደጃፉ ላይ ናት፤ ያልተሸጠ ጀበናዋ በአጠገቧ አለ። በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል። ሰፈራችን ላሉት እናትም ከመጀመራችን በፊት ታሪኩን ልናነብላቸውና፣ አይሆንም ካሉን ልንተወው ቆርጠናል። ያልተስማማነው በአንድ ሥዕል ላይ ነው። ሁለቱ ጓደኞቼ በሩ ሲከፈት ሬሳውን እናሳይ ይላሉ፤ አንዱ ጀበናው ይበቃል ይላል። እኔ ካሜራው ከውጭ፣ ከመሬት አጠገብ ተቀምጦ፣ በሩ ሲከፈት የአራቱን ሰዎች ፊት ብቻ እንዲያይ እፈልጋለሁ። እስከ ግንቦት ድረስ እንከራከርበታለን፤ ሐሳብ ያለው ጓደኛ ቢኖር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ይጻፍልን። ሁለተኛ ስልክና ስፖንጅ የሚያውሰን ቢገኝ ደግሞ እጅግ እናመሰግናለን።